«መርማሪ ሆንክ እንዴ?»፦ ጥያቄ ጨዋታ የሚያመጣው መቼ ነው

ጥያቄ፦

«27 ዓመቴ ነው። ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር በሳምንት አንድ ቀን እንገናኛለን። ወሬያችን ግን ከ‘እንዴት ነህ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ኳስ አየህ’ አያልፍም። ከዚያ ሁለታችንም ስልካችን ላይ እናቀረቅራለን። ከአባቴ ጋርማ ጭራሽ ነው። ይህን ለመለወጥ ብዬ ‘100 ጥልቅ ጥያቄዎች’ የሚል ዝርዝር አወረድኩ። ጓደኛዬን ‘በሕይወትህ ትልቁ ጸጸትህ ምንድን ነው?’ አልኩት። ሳቀና ‘ምን ነካህ? መርማሪ ሆንክ እንዴ?’ አለኝ። አባቴን ደግሞ ‘ስለ ልጅነትህ አጫውተኝ’ አልኩት። ‘ምን ይወራል ብለህ ነው’ ብሎ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። የትኞቹን ጥያቄዎች ብጠይቅ ይሻላል?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ «አንተ» እያልኩ ልጻፍልህ። ሙከራህን አደንቃለሁ። አብዛኛው ሰው ወሬው እንደደረቀ እያወቀ ዓመታት ይቆጥራል። አንተ ቢያንስ አንድ ነገር ሞክረሃል። የጠየቅከኝን ግን አልሰጥህም። ሌላ ዝርዝር ብጨምርልህ ወረቀት ታበዛለህ እንጂ ጨዋታ አይመጣልህም።

የጓደኛህን መልስ እስኪ መልሰህ አንብበው። «መርማሪ ሆንክ እንዴ?» ነው ያለህ። ቀልድ ነው፤ ግን ሕመሙን በትክክል የነገረህ እሱ ነው። መርማሪ ምን ዓይነት ጠያቂ ነው? ጥያቄውን አስቀድሞ ጽፎ ይመጣል። ስለ ራሱ ትንፍሽ አይልም። መልሱን ለምን እንደፈለገው አይናገርም። አንዱን መልስ ሲሰማ ወደሚቀጥለው ቁጥር ያልፋል። አንተም ሳታስበው እነዚህን ሁሉ አድርገሃል። ጥያቄው በራሱ መጥፎ አልነበረም። በሦስተኛው ሰዓት የሚመጣውን በሦስተኛው ደቂቃ ነው ያመጣኸው፤ ያውም ብቻውን፣ ያለ አጃቢ።

አትፈር። እኔም በምክር አገልግሎት ሥራ ስጀምር ወረቀት ነበረኝ። የተመረጡ፣ የሚያምሩ ጥያቄዎች የሰፈሩበት ወረቀት። አንድ ቀን ሥራዬን የምትከታተል አንጋፋ ባለሙያ በባለጉዳዩ ፈቃድ የተቀዳ ንግግር አብራኝ አዳመጠች። ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ከነዚህ ሁሉ ጥያቄዎች ውስጥ ሰውየው ከተናገረው ነገር የተወለደው የትኛው ነው?» ቅጂውን መለስ አድርጌ ፈለግኩ። አንድም አልነበረም። ሁሉም ከወረቀቱ ነበሩ። ሰውየው በመካከል «እህቴ ከሄደች ወዲህ» ብሎ ነበር። እኔ አልፌው «እንቅልፍዎስ እንዴት ነው?» ብያለሁ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ይቆጨኛል።

ዝርዝሮቹ ከየት እንደመጡ ብታውቅ ይጠቅምሃል። ከብዙዎቹ ጀርባ ያለው አርተር አሮን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1997 ያሳተመው ጥናት ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የማይተዋወቁ ተማሪዎችን ሁለት ሁለት አድርገው አስቀመጡ። 36 ጥያቄዎች ሰጧቸው። ጊዜው 45 ደቂቃ ነበር። እነዚህ ጥንዶች ተራ ወሬ እንዲያወሩ ከተደረጉት ይበልጥ ተቀራርበው ተገኙ። በ2015 አንዲት ጸሐፊ ጥያቄዎቹን ራሷ ሞክራ በጋዜጣ ላይ ስትጽፍ ነገሩ ዓለምን ዞረ። «ፍቅር የሚያስይዙ ጥያቄዎች» የሚል ስምም ወጣላቸው። ጥናቱ ግን ስለ ፍቅር አልነበረም። የሚለካው መቀራረብን ነበር።

ሰው ጥያቄዎቹን ገልብጦ አሠራሩን ጣለው። በጥናቱ ውስጥ ሁለቱም ይመልሳሉ። «እኔ ልጠይቅ፣ አንተ ተናዘዝ» የሚባል ነገር የለም። ደግሞም ጥያቄዎቹ በሦስት ምድብ ተከፍለው ቀስ እያሉ ነው የሚጠልቁት። መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ከዓለም ሰው ሁሉ ማንን እራት መጋበዝ እንደምትፈልግ የሚጠይቅ፣ ማንንም የማያስደነግጥ ጥያቄ ነው። በሰው ፊት ለመጨረሻ ጊዜ ያለቀስከው መቼ እንደሆነ የሚጠየቀው በመጨረሻው ምድብ ነው። ያኔ ሁለቱም ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ራሳቸው ሲነግሩ ቆይተዋል። ከሁሉም በላይ ሁለቱም ለምን እንደተቀመጡ ያውቃሉ። ጓደኛህ ግን አያውቅም ነበር። እሱ ኳስ ሊያወራ ነው የመጣው። ድንገት ጸጸቱን ስትጠይቀው መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ ስለ ጸጸቱ አይደለም። «ይሄ ሰውዬ ምን ሰምቶ ነው?» ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልከላከል። «እንዴት ነህ፣ ሥራ እንዴት ነው» የሚለውን አትናቀው። ብሮኒስላቭ ማሊኖውስኪ የተባለው የሥነ ሰብ ሊቅ በ1923 እንዲህ ያለውን ንግግር ሲያጠና፣ ጥቅሙ መረጃ መለዋወጥ ሳይሆን ሰውን ከሰው ማያያዝ እንደሆነ ጽፏል። ማቲያስ ሜልና ባልደረቦቹም በ2010 የሰዎችን የዕለት ንግግር በትንሽ መቅጃ እየቀዱ አጥንተው ነበር። ቁም ነገር ያለው ወሬ የሚያበዙ ሰዎች ይበልጥ ደስተኞች ሆነው አገኟቸው። ተራ ወሬ የሚያበዙት ደግሞ ያነሰ ደስታ ነበራቸው። ይህ ሁለተኛው ግኝት ብዙ ተራገበ። በ2018 ግን በ486 ሰዎች ላይ እንደገና ሲያዩት የመጀመሪያው ሲጸና ሁለተኛው አልጸናም። ተራ ወሬ ከሰው ደስታ ጋር ይህ ነው የሚባል ግንኙነት አልነበረውም። ስለዚህ ሰላምታው ደጅ ነው በለው። ችግሩ ደጁ ላይ መቆማችሁ አይደለም። ደጁ ሲከፈት አለማየታችሁ ነው።

ደጁ የሚከፈተው የት ነው? እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ዋናው ነገር ይሄ ነውና።

ጓደኛህን «ሥራ እንዴት ነው?» ስትለው ምን ይላል? «ደህና ነው፤ ትንሽ ይደክማል እንጂ» ሊል ይችላል። አሁን አስተውል። «ደህና ነው» ቢል በቂ ነበር። «ትንሽ ይደክማል እንጂ» የሚለውን ማንም አላስገደደውም። ራሱ ነው የጨመረው። እኔ ይህን ትርፍ ቃል እለዋለሁ። ሰው ሊናገረው የፈለገውን፣ ግን ይሰማኝ ይሆን ወይ ብሎ የሚጠራጠረውን ነገር በትርፍ ቃል ጫፉን ያሳይሃል። ቋንቋችን ደግሞ በዚህ ሀብታም ነው። «ደህና ነኝ… ብቻ» ይልሃል፤ «ብቻ» እንደተንጠለጠለች ትቀራለች። «ምን ይደረጋል» ይላል። «እንግዲህ» ብሎ ይተነፍሳል። «እሱማ ተወው» ይላል። «ያው ነው» ይላል። እነዚህን ቃላት በቀን ስንት ጊዜ ሰምተን እናልፋለን? እኔ በአንድ ሰዓት የምክር ጊዜ ውስጥ ከሌላው ሁሉ አስበልጬ የምጠብቀው እነሱን ነው።

ጓደኛህ «ትንሽ ይደክማል እንጂ» ሲል ከፊትህ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው፦ «ኧረ እኔም! ትናንት እስከ ማታ ስሠራ…» ብለህ ወሬውን ወደ ራስህ ትወስደዋለህ። ቻርልስ ደርበር የተባለ የሶሺዮሎጂ ባለሙያ በ1970ዎቹ መጨረሻ የሰዎችን ጭውውት አጥንቶ ይህን ወሬ የመንጠቅ ልማድ ለይቶ አሳይቷል። ክፋት የለበትም፤ የምትራራለት መስሎህ ነው የምታደርገው። እሱ ግን ከፈት ያደረገውን ይዘጋል። ሁለተኛው፦ «አይዞህ። ኳሱንስ አየህ?» ነው። ሦስተኛው፦ «ትንሽ ይደክማል? ምኑ ነው እሱ የሚያደክመው?» ነው። ይህ ጥያቄ ከየትኛውም ዝርዝር አይገኝም። ከሱ አፍ የወጣ ነው። «ሰምቼሃለሁ» የሚል ማኅተም አለበት።

አበው «ጨዋታን ጨዋታ ያነሳዋል» ይላሉ። ተመራማሪዎችም እዚያው ደርሰዋል። ካረን ሁዋንግና ባልደረቦቿ በ2017 ባሳተሙት ጥናት የማይተዋወቁ ሰዎችን ለ15 ደቂቃ በጽሑፍ አወያዩ። አንዳንዶቹ ቢያንስ 9 ጥያቄ እንዲጠይቁ ተነገራቸው። ሌሎቹ ከ4 እንዳይበልጡ። ብዙ የጠየቁት በውይይት አጋሮቻቸው ይበልጥ ተወደዱ። ከጥያቄ ዓይነቶች ሁሉ ደግሞ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ሰውዬው አሁን ከተናገረው ላይ የሚነሳው ተከታይ ጥያቄ ነበር። ለፍቅር ጓደኛ ፍለጋ አጫጭር ትውውቅ ባደረጉ ሰዎች ላይም እንዲሁ አይተውታል። ተከታይ ጥያቄ የሚያበዙት ለሁለተኛ ቀጠሮ እሺ የመባል ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር።

ለዚህ ሥራ አማርኛ አንዲት ፊደል ሰጥቶናል፤ «ስ»። «ከዚያስ?» «አለቃህስ?» «አንተስ ምን አልከው?» ወሬ አይሰብርም፣ ብልሃተኛ ለመምሰል አይሞክርም። ሰውዬው የያዘውን ክር ሳያስለቅቅ ትንሽ ይጎትታል። ጥልቅ ጥያቄ ካስጨነቀህ ለአንድ ወር በ«ስ» ብቻ ሞክር።

አሁን ወደ አባትህ ልምጣ። እሳቸው ላይ የተበላሸው ሌላ ነገር ነው። «ስለ ልጅነትህ አጫውተኝ» ስትላቸው ስንት ዓመት ነው በአንድ ጊዜ የጠየቅካቸው? አሥር? አሥራ አምስት? ከየት ይጀምሩ? የሰው ትዝታ እንዲህ በጅምላ አይወጣም። መያዣ ይፈልጋል። ሰፊ ጥያቄ ሰፊ መልስ የሚያመጣ ይመስላል፤ በሥራዬ የማየው ግን ተቃራኒውን ነው። «ሕይወት እንዴት ነበር?» ስትል «ደህና ነበር» ታገኛለህ። «የመጀመሪያ ደሞዝህን ምን ገዛህበት?» ስትል ግማሽ ሰዓት ታገኛለህ። «ከቤት ወጥተህ ስትሄድ የመጀመሪያዋን ሌሊት የት አደርክ?» «እኔ ስወለድ የት ነበርክ?» «በእኔ ዕድሜ ሳለህ በጣም የሚያሳስብህ ነገር ምን ነበር?» ጠባብ ናቸው። ግን እያንዳንዳቸው በር አላቸው፣ ክፍል አላቸው፣ ሰው አለባቸው። የድሮ ፎቶ ከተገኘማ ጥያቄም አያስፈልግም። «ይሄ ማነው?» ብቻ ይበቃል።

ሌላም ልንገርህ። ዓይን ለዓይን ተያይቶ መቀመጥ ለአንዳንድ ሰው ከጥያቄው በላይ ይከብዳል፤ በተለይ ስለ ስሜቱ ማውራት ላልለመደ። አብራችሁ እየተራመዳችሁ፣ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ፣ አንድ ነገር አብራችሁ እየጠገናችሁ ጠይቃቸው። እጅ ሥራ ሲይዝ ምላስ ይፈታል። ቴሌቪዥኑን የከፈቱት ጠልተውህ ላይሆን ይችላል። ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት ፈልገው ይሆናል።

ስለ ቃል አመራረጥ ደግሞ ጥቂት ልበል። ጥያቄ ባዶ ዕቃ አይደለም፤ መልሱን በከፊል ይዞ ነው የሚመጣው። ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 ለተማሪዎች የመኪና አደጋ ፊልም አሳይተው ፍጥነቱን ጠየቋቸው። መኪኖቹ «ሲላተሙ» ስንት ይሮጡ ነበር ተብለው የተጠየቁት በአማካይ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ገደማ አሉ። «ሲነካኩ» ተብለው የተጠየቁት 51 ገደማ። ፊልሙ ያው ነው። የተለወጠችው አንዲት ግሥ ናት። አሁን «ያ ነገር አላሳዘነህም?» ብለህ ስትጠይቅ ምን እያደረግክ እንደሆነ አስብ። ኀዘኑን አንተ አስገብተህለታል። እሱ የተሰማው ንዴት ሊሆን ይችላል፤ እፎይታም ሊሆን ይችላል። «ምን ተሰማህ?» ብትለው ራሱ ስም ያወጣለታል።

ሐኪሞች ላይ የተሠራ አንድ ጥናትም አለ፤ በጣም ነው የምወደው። ጆን ሄሪቴጅና ባልደረቦቹ በ2007 ያሳተሙት ነው። ታካሚዎች ወደ ሐኪሙ ከመግባታቸው በፊት የሚያሳስባቸውን ሁሉ በጽሑፍ አስፍረዋል። ሐኪሞቹ ዋናውን ሕመም ከሰሙ በኋላ ሌላ ነገር እንዳለ ይጠይቃሉ። ግማሾቹ «የለም» የሚል መልስ በሚጠብቅ አነጋገር፤ ግማሾቹ «አለ» የሚል መልስ በሚጠብቅ አነጋገር። በእንግሊዝኛ ልዩነቱ የአንድ ቃል ብቻ ነው። በእኛ ቋንቋ «ሌላ ምንም የለም አይደል?» እና «ሌላስ ምን አለ?» ከሚለው ጋር ይቀራረባል። ሁለተኛው ዓይነት ሳይነገሩ የሚቀሩትን ጉዳዮች በ78 በመቶ ቀነሰ። ስለዚህ «ሰላም ነው አይደል?» ብለህ ጠይቀህ «አዎ ሰላም» ቢሉህ መልሱን የሰጠኸው አንተ ነህ።

«ለምን»ንም ተጠንቀቃት። ክፉ ቃል አይደለችም። በአማርኛ ግን ብዙ ጊዜ ክስ ወይም ምክር ተሸክማ ነው የምትዞረው። «ለምን አትተወውም?» ጥያቄ ነው? አይደለም፤ «ተወው» ማለት ነው። «ለምን አታርፍም?» ትእዛዝ ነው። «ለምን እንዲህ አደረግክ?» ሲባል የማይደነግጥ የለም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ያጠፋን ዕለት የሰማናት ናት። ያንኑ ነገር በ«ምን» እና በ«እንዴት» ጠይቀው። «ለምን ሥራ ለቀቅክ?» ከምትል «ለመልቀቅ የወሰንክ ቀን ምን ሆኖ ነው?» በል። የመጀመሪያው ምክንያት ይጠይቃል፤ ሰውዬውም ጠበቃ ይሆናል። ሁለተኛው ታሪክ ይጠይቃል።

ከጠየቅክ በኋላ ምን ታደርጋለህ? ዝም በል። ቀላል ይመስላል፤ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። ታንያ ስቲቨርስና ባልደረቦቿ በ2009 ባሳተሙት ጥናት በ10 ቋንቋዎች ሰው ለጥያቄ መልስ ለመስጠት ስንት ጊዜ እንደሚወስድበት ለኩ። በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው፤ ዓይን ከመጨፈን አይዘገይም። ስለዚህ ሁለት ሰከንድ ዝምታ ሲመጣ ዓመት ይመስለናል። «ከበደው መሰለኝ» ብለን በሌላ ጥያቄ እንደርብበታለን፤ ወይ ራሳችን እንመልስለታለን። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች የትምህርት ተመራማሪ በ1970ዎቹ መምህራንን ስታጠና ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አገኘች። ሦስት ሰከንድ እንዲጠብቁ ሲደረግ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ «አላውቅም» የሚለውም ቀነሰ። ሐኪሞችም ከዚህ አያመልጡም። በ1984 የታተመ ጥናት ታካሚው መናገር በጀመረ በአማካይ በ18 ሰከንድ እንደሚያቋርጡት አሳይቷል።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ከጠየቅኩ በኋላ በሆዴ እስከ አምስት እቆጥራለሁ። ፊቴ ግን «ጊዜ አለን» እንዲል እጠነቀቃለሁ። ዓይኑን ተክሎ የሚጠብቅ ሰው ያስጨንቃል። ስልክ ያነሳ ሰው ደግሞ ቸኩሏል። እና ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚመጣው የመጀመሪያው መልስ አልቆ፣ ዝምታ ሆኖ፣ ሰውዬው «በእርግጥ…» ብሎ እንደገና ሲጀምር ነው።

ሁልጊዜ ደግሞ መጠየቅ የለብህም። ጥያቄ በላይ በላዩ ሲሆን መልካሙም ቢሆን ምርመራ ይሆናል። በምክር ሥራ ሰዎችን ከሱስና ከመሰል ልማዶች ለማላቀቅ የሚረዳ አንድ ስልት አለ። ዊልያም ሚለርና ስቲቨን ሮልኒክ ናቸው ያዳበሩት። ባለሙያዎች በዚህ ስልት ሲመዘኑ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ የሰሙትን መልሰው እንዲያሰሙ ይጠበቃል። የሰሙትን ማሰማት ማለት በቀቀን መሆን አይደለም። ጓደኛህ «አለቃዬ በየቀኑ ሐሳቡን ይለውጣል» ቢልህ «ለነገ ማቀድ አልቻልክማ» ማለት ነው። ልክ ከገመትክ «አዎ!» ብሎ ይቀጥላል። ከሳትክም ችግር የለም። «አይ፣ እሱ አይደለም፤ የሚያናድደኝ…» ብሎ ያርምሃል። ሁለቱም መንገድ ያደርሳል።

ከራስህም ስጥ። የሆድህን በሆድህ ይዘህ የሰው ሆድ ክፈት ማለት ፍትሐዊ አይደለም። «ሰሞኑን የመጣሁበት መንገድ ትክክል ነው ወይ እያልኩ ሳስብ ነው የማድረው። አንተ እንዲህ ብለህ ታውቃለህ?» ይህ ጥያቄ ከ«ጸጸትህ ምንድን ነው?» ጋር አንድ ሰፈር ነው። ግን አንተ ቀድመህ ገብተሃል። መጠኑን ብቻ ጠብቅ። ያልተጠየቅከውን ሁሉ ብታፈስበት ደግሞ አንተን ሲያባብል ያመሻል።

«ከብዶት ይሆን? ነገሩ ይበላሽ ይሆን?» ብለህ መፍራትህ አይቀርም። ማይክል ካርዳስ፣ አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ በ2021 የ12 ሙከራዎችን ውጤት አሳትመዋል። ሰዎች ጠለቅ ያለ ወሬ ከመጀመራቸው በፊት በጣም የሚያሳፍርና የሚከብድ ይሆናል ብለው ይገምታሉ። ካወሩ በኋላ ሲጠየቁ ግን እንደፈሩት አልነበረም። ከምክንያቶቹ አንዱ ሌላው ሰው ለእኛ ነገር ያን ያህል ግድ የለውም ብለን ማሰባችን ነው። ጓደኛህም ስለ አንተ እንዲሁ እያሰበ ይሆናል። ሁለታችሁም ስልካችሁ ላይ አቀርቅራችሁ፣ ሁለታችሁም «እሱ አይፈልግም» እያላችሁ።

ይህ ማለት ግን የማንንም በር ገንጥለህ ግባ ማለት አይደለም። «ተወው» ካለህ ተወው። «ካልፈለግክ ይቅር» ስትል ከልብህ ይሁን፤ አኩርፈህ የምትለው «ይቅር» ይታወቃል። ሦስተኛ ሰው ባለበት የግል ነገር አትጠይቅ። የነገረህን በሌላ ቀን ለቀልድ አታውጣው፤ አንድ ጊዜ ካወጣኸው ያ በር ለዓመታት አይከፈትም። ደግሞ ለመልሱ ጊዜ ከሌለህ አትጠይቅ። ጫማ እያሰሩ «ለመሆኑ ትዳር እንዴት ነው?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ግርም ይሉኛል።

አንዳንዴ ጥያቄህ ያልጠበቅከውን ያመጣል። ሰውዬው መኖር እንዳስጠላው የሚጠቁም ነገር ከተናገረ ዞር አትበል። «ራስህን የማጥፋት ሐሳብ አለህ?» ብለህ በግልጽ ጠይቀው። መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባበታል የሚለው ፍርሃት ልክ አይደለም። ብቻውን አትተወው፤ በቶሎ ወደ ባለሙያ እንዲደርስ አብረኸው ሂድ። ይህን ብቻህን ልትሸከመው አይገባም።

እንግዲህ በሚቀጥለው ሳምንት ጓደኛህን ስታገኘው ዝርዝሩን ቤት ተወው። ኳሱንም አውሩ፤ ችግር የለውም። ብቻ ትርፍ ቃል ስትሰማ ያዛት። ምናልባት ግን እሱ ይቀድምህና «እህሳ መርማሪው፣ ዛሬስ ምን ልትጠይቀኝ ነው?» ብሎ ይቀልድብህ ይሆናል። ያኔ አትሽሽ። እውነቱን ንገረው። «ከስልክ ላይ ጥያቄ አውርጄ ነበር» በለው። መሳቁ አይቀርም። አንተም ሳቅ። ከሳቁ በኋላ ግን «ለምን አስፈለገህ ግን?» ማለቱ አይቀርም። ይህችኛዋ «ለምን» ክስ የለባትም። እስከ አምስት ቁጠርና መልስለት።